ያለቀውን ላርጅ ሴንት በምን እንለየው? ከ1793 እስከ 1814 የተመቱ የአሜሪካ መዳብ ሳንቲሞች የዳይ ዝርያ መለያዎች ሲነጻጸሩ

«የ1798 ሴንት» ተብሎ የቀረበላችሁን ጥቁር መዳብ ስታነሱ ገና ግማሹን እንኳ አላወቃችሁትም። በዚያ ዓመት የተመዘገቡት የዳይ (የመምቻ ብረት) ዝርያዎች፣ ሰብሳቢዎች በሚጠቀሙበት የሼልደን ቁጥር (ኤስ) ከኤስ-144 እስከ ኤስ-187 ይደርሳሉ። አንዳንዱ በየሳንቲም ገበያው የማይጠፋ ነው፤ አንዳንዱ ደግሞ ሰብሳቢ ዕድሜ ልኩን ፈልጎ የሚያጣው። ሁሉም ላይ ግን የተጻፈው 1798 ነው፤ ሻጩም ብዙ ጊዜ ለሁሉም አንድ ዋጋ ይጠራል። ዝርያ መለየት የሚችል ሰው የሚጠቀመው እዚህ ላይ ነው።

ይህ መመሪያ አሜሪካ ከ1793 እስከ 1814 የመታቻቸውን ትልልቅ ባለ አንድ ሴንት መዳቦች ይመለከታል። ዓመቶቹን በሙሉ ሳንቲሙ ላይ እንዳሉት በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጽፋቸው። ዝርያን ለመለየት የሚያገለግሉ ምልክቶች ብዙ ናቸው፤ ሁሉም ግን እኩል አይታመኑም። እኔ የምመክረው አንድ ነገር ነው፤ በስሙ ከገነነው ምልክት ይልቅ ሳንቲሙ ተፈትጎ ሲያልቅም የማይጠፋውን ምልክት አስቀድሙ። እሱም አንዱ ነገር ከሌላው አንጻር የተቀመጠበት ቦታ ነው።

አንድ ዓመት፣ ብዙ ዳይ

ዳይ የሚባለው ምስሉ ተገልብጦ የተቀረጸበት፣ ሳንቲሙ የሚመታበት ጠንካራ ብረት ነው። ለአንድ ሳንቲም ሁለት ዳይ ያስፈልጋል፤ አንዱ ለፊት፣ አንዱ ለጀርባ። ዝርያ የምንለው የሁለቱን ጥምረት ነው። አንደኛው ዳይ ሲሰበር ሌላኛው ገና ጤነኛ ከሆነ ከአዲስ ዳይ ጋር ተጣምሮ ሥራውን ይቀጥላል። ስለዚህ አንድ የጀርባ ዳይ በሁለት ወይም በሦስት ዝርያዎች ላይ ሊገኝ ይችላል፤ አንዱን ገጽ ብቻ አይቶ ቁጥር መስጠት የማይቻለውም ለዚህ ነው።

ፊላደልፊያ የነበረው ሳንቲም ማተሚያ ቤት በ1793 ሴንት መምታት ሲጀምር ዳይ የሚሠራው በእጅ ነበር። ቆየት ብሎ ፊቱ ላይ ያለችው፣ ነጻነትን የምትወክለው ሴት ራስ ከአንድ እናት መምቻ መውረድ ጀመረ። ፊደሎቹ፣ የዓመቱ አኃዞች፣ ቅጠሎቹና ፍሬዎቹ ግን በየራሳቸው ትንንሽ መምቻ አንድ በአንድ፣ በመዶሻ ነበር የሚቀመጡት። የሠራተኛው እጅ ትንሽ ዘንበል ካለ አንዱ ፊደል ከጎረቤቱ ከፍ ይላል፣ ወይም ይርቀዋል፣ ወይም ወደ ጸጉሯ ይጠጋል። ያ ዳይ የመታቸው ሳንቲሞች ሁሉ ይህንኑ አቀማመጥ ይወርሳሉ።

ዊሊያም ሼልደን በ1949 ባሳተመውና በ1958 አሻሽሎ ባወጣው ሥራው እነዚህን ዝርያዎች ከኤስ-1 እስከ ኤስ-295 ቆጠራቸው። በጊዜው እጅግ ጥቂት ብቻ ይታወቁ የነበሩትን ደግሞ «ሊሰበሰቡ የማይችሉ» ብሎ ኤንሲ በሚል ምልክት ለየት አድርጎ መዘገባቸው። ዛሬም ሰብሳቢው ሁሉ የሚግባባው በሼልደን ቁጥር ነው። ዛሬ ለአሜሪካ ሳንቲሞች ሁሉ የሚሠራበት ከ1 እስከ 70 ያለው የጥራት መለኪያም መነሻው እነዚሁ መዳቦች ናቸው፤ ሼልደን መጀመሪያ ያወጣው ለላርጅ ሴንት ነበር።

የብርቅነት ደረጃውም አብሮ መታወቅ አለበት። አር-1 ከ1,250 በላይ የሚታወቅለት ነው፤ አር-4 ከ76 እስከ 200፣ አር-5 ከ31 እስከ 75፣ አር-6 ከ13 እስከ 30፣ አር-7 ከ4 እስከ 12፣ አር-8 ደግሞ ከሦስት የማይበልጥ። በአንድ ዓመት ውስጥ አር-1 እና አር-6 ጎን ለጎን ሊገኙ ይችላሉ።

የትኛው ምልክት ይበልጣል?

ጀማሪን ቶሎ የሚስበው በስም የታወቀው ምልክት ነው። ለምሳሌ የ1794ቱ ኤስ-48 በጀርባው ጥርስ ጥርስ በሚመስለው ዳር መካከል 94 ጥቃቅን ከዋክብት አሉት። የአሜሪካን መዳብ የሚሰበስብ ሁሉ ያውቀዋል፣ ሁሉም ይመኘዋል። ነገር ግን እነዚያ ከዋክብት ያሉት ሳንቲሙ ቀድሞ በሚያልቅበት በዳሩ ላይ ነው። አርባና ሃምሳ ዓመት ከኪስ ኪስ የተዘዋወረ ሴንት ላይ የሚተርፉት ጥቂቶቹ ናቸው፤ አንዳንዴም አንዱም አይተርፍም። የቅጠሎቹ ጫፍ ከየትኛው ፊደል ሥር እንደሚያርፍ፣ ፍሬዎቹ የት እንዳሉ ግን ይቀራል። ከዋክብቱን ብቻ የሚፈልግ ሰው ያለቀውን ኤስ-48 አንስቶ መልሶ ያስቀምጠዋል።

ስንጥቅም እንዲሁ ያማልላል። ዳዩ ሲሰነጠቅ ሳንቲሙ ላይ ከፍ ያለ መስመር ይወጣል፤ ዳሩ ተቆርሶ ሲወድቅ ደግሞ እዚያ ቦታ ላይ ቅርጽ የሌለው የመዳብ እብጠት ይታያል። ይህን የመሰለ ምልክት ሲገኝ ትልቅ ማረጋገጫ ነው፤ አለመገኘቱ ግን ምንም አያረጋግጥም፤ ዳዩ ከመሰንጠቁ በፊት የመታቸው ሳንቲሞች አሉና። የ1804ቱ ኤስ-266 ጥሩ ማሳያ ነው። የዚያ ዓመት ዝርያ አንድ ብቻ ነው፤ ሦስት ሁኔታዎች ግን አሉት። በመጀመሪያው ሁለቱም ዳዮች ጤነኛ ናቸው። በሁለተኛው ከ«ሊበርቲ» የመጨረሻ ሦስት ፊደላት በላይ ያለው የፊት ዳይ ዳር ተቆርሷል። በሦስተኛው የጀርባውም «አሜሪካ» የሚለው ቃል መሃል ላይ ተቆርሷል። እብጠቱን የግድ የሚጠብቅ ሰው ጤነኛውን 1804 «ሐሰተኛ ነው» ብሎ ይመልሰዋል።

የአቀማመጥ ምልክት ጥቅሙ እዚህ ላይ ነው። ፊደሉ ቢፋቅም ጥላው፣ ወይም የቆመበት እግር አሻራ ይተርፋል፤ ቦታውን አይለቅም። ከ1796 እስከ 1807 የተመታውን፣ ሴትየዋ ደረቷን በልብስ ስለሸፈነች ልብሰ-ደረት የምንለውን ሴንት ስትይዙ መጀመሪያ የምትጠይቁት ከጸጉሯ ሞገዶች ከፍተኛው ከ«ሊበርቲ» የትኛው ፊደል ሥር እንደሚውል ነው። ከአር (R) ግራ እግር ሥር ነው? ከመሃሉ? ከቀኝ እግሩ? ቀጥሎ የዓመቱን አኃዞች ክፍተት ታያላችሁ፤ 1 እና 7 ተቀራርበዋል ወይስ 9 እና 8? የመጨረሻው አኃዝ ከደረቷ ልብስ ጋር ይነካካል? እነዚህን ሦስት ጥያቄዎች በትክክል የመለሰ ሰው አርባውን ዝርያ ወደ አምስት ወይም ወደ ስድስት ያወርደዋል።

በዓመቱ አኃዝ ላይ ብቻ መተማመን ግን አደገኛ ነው። አኃዞቹ ዝቅ ብለው ከዳሩ አጠገብ ስለሚቀመጡ ቶሎ ይበላሉ፤ ሐሰተኛ የሚያወጣ ሰውም መጀመሪያ የሚነካካው እነሱን ነው። ወደዚህ በኋላ እመለሳለሁ።

ጠርዝና ክብደት

ሁለቱ ለጥቂት ዓመታት ብቻ ነው የሚጠቅሙት፤ በነዚያ ዓመታት ግን ያለ እነሱ ሥራው አያልቅም።

ሴንቱ በ1793 መመታት ሲጀምር ሕጋዊ ክብደቱ 13.48 ግራም ነበር። ወፍራም ስለነበረ ጠርዙ ላይ «መቶው ለአንድ ዶላር» የሚል ትርጉም ያለው ጽሑፍ ለመምታት ቦታ ነበረው። መዳብ ሲወደድ በ1795 መጨረሻ ላይ ክብደቱ ወደ 10.89 ግራም ወረደ፤ ሳንቲሙ ሲሳሳ የጠርዙ ጽሑፍ ቀረ። ስለዚህ የ1795ቱ ኤስ-76 በሁለት መልክ ይገኛል፤ ኤስ-76ኤ ጽሑፍ ያለው ወፍራሙ፣ ኤስ-76ቢ ባዶ ጠርዝ ያለው ቀጭኑ። የሁለቱም ዳዮች አንድ ናቸው፤ ፊቱንና ጀርባውን ስትመረምሩ ብትውሉ ልዩነት አታገኙም። ጠርዙ ተቀጥቅጦ ጽሑፉ ካልተነበበ የወርቅ ቤት ሚዛን ይፈርዳል። ያለቀ ሳንቲም ይቀልላል እንጂ አይከብድም፤ ከ12 ግራም በላይ የሚመዝን የ1795 ሴንት ከወፍራሙ መዳብ የተመታ ነው።

በ1793ቱ ኤስ-11 ላይም ጠርዙ ሦስት ቦታ ይከፍለዋል፤ የሐረግና የቋሚ መስመሮች ጌጥ ያለው፣ ጽሑፍና ሁለት ቅጠል ያለው፣ ጽሑፍና አንድ ቅጠል ያለው። የ1797ቶቹ ኤስ-120ቢ እና ኤስ-121ቢ ደግሞ ጠርዛቸው በመቆንጠጫ የተያዘ የሚመስል ጥርስ ጥርስ አለው። ከነዚህ ውጭ ባሉት አብዛኞቹ ዓመታት ጠርዙ ባዶ ስለሆነ ጊዜያችሁን እሱ ላይ አትጨርሱ።

ከፊት እንጀምር ወይስ ከጀርባ?

ብዙ መመሪያዎች ከፊት ያስጀምራሉ፤ ሰው ዓመቱን አይቶ ወዲያው ወደ ፊቷ ስለሚሄድ ነው። እኔ ግን ከ1796 እስከ 1807 ላሉት ልብሰ-ደረቶች ከጀርባ መጀመርን እመርጣለሁ።

ምክንያቱም ጀርባው ላይ ፈጣን ጥያቄዎች አሉ። ጉንጉኑ ታች ላይ ግንዶቹ አሉ ወይስ የሉም? ግንድ አልባ ዝርያዎች በ1797፣ በ1802 እና በ1803 አሉ፤ ግንድ የሌለውን የ1802 ስታገኙ ኤስ-231 ነው፣ ለ1803 ደግሞ ኤስ-243። ቀጥሎ የክፍልፋዩ ቁጥር፤ 1/100 መሆን ሲገባው በስህተት 1/000 የተመታባቸው አሉ። ከዚያ በሪባኑ መቋጠሪያ ቀኝና ግራ ያሉት ፍሬዎች ቁጥር፣ ከአናት በስተቀኝ ያለው ቅጠል አንድ መሆኑ ወይም ጥንድ መሆኑ። በ1796 ይህ የቅጠል ጥያቄ ብቻውን ብዙ ሥራ ይሠራል፤ የ1795ን ጀርባ የያዙት አንድ ቅጠል፣ የ1794ንና የ1797ን ጀርባ የያዙት ጥንድ ቅጠል አላቸው፤ ከጥንዶቹ ደግሞ የ1797ኛው በግራ 16፣ በቀኝ 19 ቅጠል ይቆጠርበታል።

በቅርበት ለማየት የ1801ን ኤስ-219 እንውሰድ። ጀርባውን ወደ ላይ አድርጋችሁ መብራቱን ከጎን አስጠጉ። ከሪባኑ ሥር ያለው ክፍልፋይ 1/000 ይላል፤ ከመስመሩ በታች ባለው የመጀመሪያው አኃዝ ላይ አንድ የነበረበት ምንም ምልክት የለም። ጉንጉኑ ሁለት ግንድ ሊኖረው ሲገባ አንድ ብቻ ነው ያለው። ወደ ላይ ስትሄዱ «ዩናይትድ» የሚለው ቃል መጀመሪያ ላይ ያለው ዩ (U) ጎንና ጎን የቆሙ ሁለት አይ (I) ፊደሎች ይመስላል። ሦስት ስህተት ባንድ ዳይ ላይ! ሳንቲሙ ምንም ያህል ቢያልቅ ከሦስቱ አንዱ ይተርፋል፤ ግንዱ ብቻውን ባይበቃ እንኳ ከክፍልፋዩ ጋር ሲደመር ጥርጣሬ አይኖርም። ከፊት የጀመረ ሰው እዚህ ለመድረስ ስንት የጸጉር ሞገድ ማወዳደር ነበረበት።

የ1794ን የነጻነት ኮፍያ ሴንት ግን ከፊት ጀምሩ። የዚያ ዓመት ጸጉር በየዳዩ በእጅ ተነካክቷል፤ የጸጉሩ ዘለላዎች ጫፍ፣ ኮፍያው የተሰቀለበት ዘንግ ከዓመቱ አኃዝ ያለው ርቀት፣ የአኃዞቹ መውደቅና መነሳት በግልጽ ይለያያሉ። ኤድዋርድ ማሪስ በ1869 ለነዚህ ዳዮች ስም ሲያወጣላቸው ከፊታቸው መልክ እየተነሳ ነበር፤ ጉንጯ እንደ ፖም የሞላችውን፣ 4ቱ ወደ ታች የወደቀባትን። ኤስ-24 ዛሬም «ፖም ጉንጭ»፣ ኤስ-63 ደግሞ «የወደቀው 4» ይባላሉ።

ከ1808 እስከ 1814 ያሉት፣ ጆን ራይሽ የነደፋቸው፣ ፊታቸው በከዋክብት የተከበበ ሴንቶች ጀርባቸው ላይ ክፍልፋይ የላቸውም፤ ጉንጉኑም ሳይቋረጥ ይዞራል። ስለዚህ በእነሱ ላይ የከዋክብቱ ጫፍ የሚያመለክተው ቦታና የዓመቱ አኃዝ ቅርጽ ይቀድማሉ። የነዚህ ዓመታት መዳብ ለስላሳና ቆሻሻ የበዛበት ስለነበረ ብዙዎቹ ገጻቸው የተቦረቦረ ነው፤ ትዕግሥት ይጠይቃሉ።

ለመማር የትኛውን ዓመት እንምረጥ?

ሁሉንም ዓመት ባንዴ መጀመር ያደክማል። ሲጀመር የዝርያዎቹን ብዛት ማየት ይጠቅማል፤ 1806 እና 1809 እያንዳንዳቸው አንድ ዝርያ ብቻ አላቸው፤ ኤስ-270 እና ኤስ-280 ናቸው። 1811፣ 1813 እና 1814 ሁለት ሁለት አላቸው። 1805 ሦስት አለው። 1803 ከኤስ-243 እስከ ኤስ-265፣ 1796 ከኤስ-81 እስከ ኤስ-119፣ 1794 ደግሞ ከኤስ-17 እስከ ኤስ-72።

ዓይን ለማስለመድ ከ1814 የሚሻል የለም። ጥያቄው አንድ ነው፤ የ4ቱ አግድም ክንድ ጫፍ ላይ ትንሽ ቋሚ መስቀለኛ አለ ወይስ የለም? ካለ ኤስ-294፣ ከሌለ ኤስ-295። እጅግ ያለቀ ሳንቲም ላይም ይታያል። የ1811ም ቀላል ነው፤ የመጨረሻው 1 ከሥሩ የ0 ቅሪት ካለው ኤስ-286፣ ከሌለው ኤስ-287።

ለእውነተኛ ትምህርት ግን 1803ን ነው የምመክረው። በገበያ ይገኛል፣ ዋጋው አይደፈርም የሚባል አይደለም፣ ዝርያውም በርከት ያለና በሥርዓት የሚከፈል ነው። መጀመሪያ የዓመቱን የመጀመሪያ አኃዝ ታያላችሁ፤ 1ዱ አናቱ ደንዝዞ ከታየ ትንሹ ዓመት ነው፣ አናቱ ከሾለና 3ቱ ገዘፍ ካለ ትልቁ ዓመት። ከዚያ ጀርባውን ገልብጣችሁ የክፍልፋዩን አኃዞች መጠን ታያላችሁ፤ ትንሽ ወይስ ትልቅ? በእነዚህ ሁለት ጥያቄዎች ብቻ ሃያ ሦስቱ ቁጥሮች ወደ አራት ክፍል ይገባሉ። ትልቅ ዓመትና ትንሽ ክፍልፋይ ያለው አንድ ብቻ ነው፤ ኤስ-264፤ ከሌሎቹም ይልቅ ብርቅ ነው። ትልቅ ዓመትና ትልቅ ክፍልፋይ ያለውም አንድ ነው፤ ኤስ-265። ትንሽ ዓመት ከወጣ ወደ ፊደሎቹና ወደ ቅጠሎቹ አቀማመጥ ትገባላችሁ፤ እውነተኛው ሥራ የሚጀምረው እዚህ ነው፣ ደስታውም እዚሁ ነው።

1798 ከዚያ በኋላ ይምጣ። እሱም በር አለው፤ የጸጉሯ አሠራር ሁለት ዓይነት ነው፣ በሁለተኛው ላይ ትከሻዋ አካባቢ ተጨማሪ ትንሽ የጸጉር ጥቅልል አለ። ይህን ሳይለዩ ወደ ፊደሎቹ የሚገቡ ሰዎች በማይመለከታቸው ግማሽ ውስጥ ሲዳክሩ ይውላሉ።

1794 ውብ ነው፤ ብዙ አዋቂዎች ከሁሉም አስበልጠው የሚወዱት እሱን ነው። ግን ውድ ነው፣ በብዛት የሚገኘውም የተበላው ነው፤ ለመጀመሪያ ትምህርት አይመረጥም። 1793ን መማር ግን ባትገዙትም ይጠቅማል፤ ጀርባው ላይ ሰንሰለት ያለበት የዚያ ዓመት ሴንት 36,103 ብቻ ተመትቶ የቆመ ሲሆን አራቱን ዋና ዝርያዎች መለየት ቀላል ነው። ኤስ-1 ጀርባው ላይ «አሜሪካ» የሚለውን ቃል አሳጥሮ «አሜሪ» ይላል፤ ኤስ-4 ከ«ሊበርቲ»ና ከዓመቱ በኋላ ነጥብ አለው፤ ኤስ-3 ላይ አር ፊደሉ ዘመም ይላል፤ ኤስ-2 ከነዚህ ምልክቶች አንዱም የለውም።

ከ1816 በኋላ ወደተመቱት መሄድ የሚፈልጉም አሉ፤ ርካሽ ናቸው፣ መልካቸውም የተሻለ ነው። እነሱ በሃዋርድ ኒውኮም ቁጥር ነው የሚጠሩት። ከ1816 እስከ 1839 ያሉት ላይ የከዋክብትና የዓመት አቀማመጥ ገና ይሠራል። ከ1840 ጀምሮ ግን አራቱም አኃዞች በአንድ መምቻ ባንዴ መቀመጥ ስለጀመሩ በመካከላቸው ያለው ክፍተት አይለያይም፤ የሚለያየው ዓመቱ በጠቅላላው የተቀመጠበት ከፍታና ጎን፣ ከዚያም ጥቃቅን የዳይ ጭረቶች ናቸው። ጭረት ደግሞ ቀድሞ የሚጠፋ ነገር ነው። ያለቀ የ1848 ሴንት ካለቀ የ1798 ሴንት የበለጠ ያስቸግራል፤ ሰው የሚገምተው ተቃራኒውን ነው።

መሣሪያና ማወዳደሪያ

አሥር እጥፍ የሚያጎላ መነጽር ሁሉም ይገዛል፤ ለአቀማመጥ ግን አምስት እጥፉ ይሻላል። «ሊበርቲ» የሚለውን ቃል ከጸጉሩ ጋር ባንድ ላይ ያሳያችኋል፤ አሥር እጥፉ አንድ ፊደል ብቻ ይዞ ይቀራል። ከኮምፒውተር ጋር የሚሰካው ዲጂታል ማይክሮስኮፕ ደግሞ ስንጥቅ ለማየትና የተፋቀ አኃዝ ለመመርመር ነው፤ ዝርያ ፍለጋውን በእሱ አትጀምሩ። ከሁሉ የሚበልጠው በስልክ፣ ልክ ከላይ ወደ ታች፣ ሳንቲሙ ሳይጋደል የተነሳ ፎቶ ነው። ስክሪኑ ላይ ቀጥ ያለ መስመር አሳርፋችሁ የሞገዱ አናት ከየትኛው ፊደል ሥር እንደሚደርስ በዓይን ግምት ሳይሆን በመስመር ታያላችሁ። መብራቱ አንድ ይሁን፣ ዝቅ ብሎ ከጎን ይምጣ፤ ሳንቲሙን እያዞራችሁ ጥላውን ተከተሉ።

ማወዳደሪያ ስትፈልጉ ደግሞ የሚያምረውን ፎቶ አትመኑ። መጻሕፍት የሚያወጡት ከሁሉ የተጠበቀውን ሳንቲም ነው፤ የናንተው ጸጉሯ ተልጦ ሌላ ሰው መስላለች። የሄሪቴጅና የስታክስ ባወርስ የጨረታ መዛግብት ኢንተርኔት ላይ ክፍት ናቸው፤ የዝርያውን ቁጥር ጽፋችሁ ከዝቅተኛ ደረጃ የተሸጡትን ፈልጉ። ያለቀ ሲወዳደር ካለቀ ጋር ነው መሆን ያለበት።

ሳንቲም መርማሪና ደረጃ ሰጪ ድርጅቶቹ ፒሲጂኤስ ወይም ኤንጂሲ በፕላስቲክ አሽገው ያረጋገጡትን እንግዛ ወይስ ያልታሸገውን? ለ1793፣ ለ1799 እና ለ1804 የታሸገውን እመክራለሁ፤ ከሐሰተኛ የሚያድን ነገር ዋጋ አለው። ለ1795 እና ለ1797 ግን ማሸጊያው ጠርዙን በከፊል ይሸፍናል፣ ሚዛንም ላይ ማስቀመጥ አትችሉም። ለቀሩት ዓመታት ያልታሸገው ይሻላል፤ ሳይታወቅ የቀረ ብርቅ ዝርያ የሚገኘው ማንም ቁጥር ሳይሰጠው በሳጥን ውስጥ በተደራረበው መካከል ነውና። ያገኛችሁትን ግን አታጥቡት። በሎሚ፣ በአመድ፣ በብረት ማጽጃ ማሸት ሁለት መቶ ዓመት የቆየውን ቀለም በአንድ ደቂቃ ያጠፋዋል፤ ከዚያ በኋላ የሚመልሰው የለም።

1799 እና 1804፦ አቀማመጥ ሐሰትን ሲያጋልጥ

እነዚህ ሁለት ዓመታት ብርቅ ስለሆኑ ከሁሉ ይልቅ ይጭበረበሩባቸዋል። የተለመደው ዘዴ የ1798ን 8 ፍቆ 9 ማስመሰል ነው። አኃዙን በአጉሊ መነጽር ማየት አንዳንዴ ይበቃል፤ ሥራው በጥንቃቄ የተሠራ ከሆነ ግን ያታልላል። እውነተኛ 1799 ሁለት ዝርያ ብቻ ነው ያለው፤ ኤስ-188፣ 9ኙ በ8 ላይ የተመታበት፣ እና ኤስ-189፣ 9ኙ ንጹሕ የሆነው። ስለዚህ አኃዙን ለጊዜው ተዉትና «ሊበርቲ» ከጸጉሩ አንጻር የት እንዳለ፣ ጀርባው ላይ ቅጠሎቹ ከየትኛው ፊደል ሥር እንደሆኑ ከሁለቱ ጋር አስተያዩ። አቀማመጡ ከሁለቱም ጋር ካልገጠመና ከአንድ የ1798 ዝርያ ጋር ከገጠመ ሳንቲሙ 1798 ነው። አጭበርባሪው አንድ አኃዝ መለወጥ ይችላል፤ ፊደሎቹን ሁሉ ከቦታቸው ማንሳት አይችልም።

እኛ አገር ማርትሬዛ ብር የሚቀበሉ ሰዎች የፈርጧን ዕንቁዎች ይቆጥሩ የነበረው በዚሁ አስተሳሰብ ነው። ዓመቱ 1780 ላይ ቆሞ ስለቀረ ምንም አይነግራቸውም ነበር።

ለ1804 መለያው ከዚህም ያጠረ ነው። እውነተኛ የ1804 ሴንት ላይ 4ቱ መስቀለኛ ጫፍ አለው፣ ክፍልፋዩ ትልቅ ነው፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ የዓመቱ 0 ጀርባው ላይ ካለው «ኦፍ» ከሚለው ቃል ኦ ጋር ፊትና ጀርባ ሆኖ በአንድ መስመር ይውላል። ሳንቲሙን በሁለት ጣት ይዛችሁ አንዱን ጣት 0ው ላይ፣ ሌላውን ከጀርባው ኦ ላይ ስታደርጉ ጣቶቻችሁ ይገናኛሉ።

በ1860 አካባቢ የተጣሉ ዳዮችን አንስተው «1804» የመቱ ሰዎች ነበሩ። የፊቱ ዳይ የ1803 ሆኖ አኃዙ ተቀይሯል፤ ጀርባው ደግሞ ከ1820 ነው። ይህ ራሱ ተፈላጊና የሚሰበሰብ ነገር ነው፤ ዋጋው ግን ከእውነተኛው ጋር አይቀራረብም። ጀርባው ላይ ክፍልፋይ ፈልጉ። በ1820 ዳይ ላይ ክፍልፋይ የለም።